መጠኑን እንጨምርለት ወይስ ጸበል እንውሰደው? ራሱን ስለሚመታ ወጣት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ታፍኖ ነበር ይሉናል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት፣ የሚናገረው ከአሥር ቃል አይበልጥም። የሚጥል በሽታም ስላለበት ማታ ማታ ፌኖባርቢታል 100 ሚ.ግ ይወስዳል። ከሦስት ወር ወዲህ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ያጋጫል፣ ጉንጩን በጥፊ ይመታል፤ ባለፈው ሳምንት እናታችንን እጇን ነከሳት። ሐኪም ቤት ወስደነው ሃሎፔሪዶል 5 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ ታዘዘለት። ከጀመረ ወዲህ ግን ጭራሽ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው፤ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። መጠኑ ይጨመርለት? ጸበልስ እንውሰደው? ጎረቤት እሰሩት እያለ ነው።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጠኑን አትጨምሩ። ሃሎፔሪዶል ከተጀመረ በኋላ ለመጣ መንጎራደድ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሱ መድኃኒቱ ነው። አካቲዚያ ይባላል። የያዘው ሰው ውስጡ ይቁነጠነጣል፤ ሲቀመጥ እግሩ አያርፍም፣ ሲቆም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያቀያይራል፣ ጋደም ብሎም ወዲያው ይነሳል። መናገር የሚችል ሕመምተኛ «ሰውነቴን ጉንዳን ወረረው» ብሎ ያስረዳል። ወንድማችሁ የሚያስረዳበት ቃል የለውም፤ ይንጎራደዳል፣ ይመታል። ቤተሰብ «ባሰበት» ይላል፣ ሐኪም መጠን ይጨምራል፣ መቁነጥነጡም አብሮ ይጨምራል። በቀን 10 ሚ.ግ ደግሞ ድምፅ እየሰማ ለሚቃዥ የሳይኮሲስ ሕመምተኛ የሚደረስበት መጠን ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው፣ ያውም ጭንቅላቱ ቀድሞ የተጎዳ ከሆነ፣ የግድ ካስፈለገ በ0.5 ወይም በ1 ሚ.ግ ነው የሚጀመረው።

በራሳችሁ አታቋርጡትም። በዚህ ሳምንት ወዳዘዘው ሐኪም ተመለሱና «ከመድኃኒቱ በኋላ መቀመጥ አልቻለም፤ አካቲዚያ ይሆን? መጠኑ ይቀነስልን?» በሉት። እንዲህ ተብሎ በግልጽ ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ብዙ አይደለም። መፍትሔው መጠኑን መቀነስ ነው፤ መቀነሱ ብቻ ካልበቃ አስም እስከሌለበት ድረስ ፕሮፕራኖሎል 10 ሚ.ግ በቀን ሁለት ጊዜ ይጨመርለታል። ሐኪሙ አርቴን የሚባለውን መድኃኒት ቢሰጣችሁ ግን ተጠንቀቁ። አርቴን ለተገተረ አንገትና ለሚንቀጠቀጥ እጅ ጥሩ ነው፤ ለመቁነጥነጥ ብዙም አይረዳም፣ በዚያ ላይ ሆድ ያደርቃል። የሆድ ድርቀቱን ነገር ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል የምትሄዱበትም አለ። ትኩሳት ከሰውነት መገተር ጋር ሲመጣ፤ አንገቱ ሲጣመም ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ሲሰቀል፤ መዋጥ ሲያቅተው፤ መንፈራገጡ 5 ደቂቃ ሲያልፍ ወይም ሳይነቃ ሲደጋገምበት። ጭንቅላቱን ካጋጨ በኋላ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም በአንድ ጎኑ ከደከመም እንዲሁ፤ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውጭ «ሲቲ ስካን ይነሳ» እያሉ ገንዘብ መጨረስ ለምን ራሱን እንደሚመታ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ከሦስት ወር በፊት ያልነበረ ነገር ከየት መጣ? የአእምሮ እድገት ውስንነቱ ከልደቱ ጀምሮ አብሮት አለ፤ ከሦስት ወር ወዲህ ብቻ ለመጣ ነገር እሱን ምክንያት ማድረግ አይቻልም። በዚህ ሥራ ላይ በብዛት የሚፈጸመው ስሕተት ይኸው ነው። ሌላ ሰው ጉንጩን ቢይዝ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይላካል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ጉንጩን ሲመታ የአእምሮ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ስለዚህ በሰውነቱ ጀምሩ። የትኛውን ጉንጭ ነው የሚመታው? ሁልጊዜ አንዱን ጎን ከሆነ በዚያ በኩል ያለውን ጥርስና ጆሮ ማየት ነው። ሲስቅ ወይም ሲያዛጋ በስልክ መብራት መንጋጋውን ተመልከቱ፤ የጠቆረ ጥርስ፣ ያበጠ ድድ፣ የአፍ ሽታ ካለ ምልክት ነው። ጣታችሁን ግን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ጆሮውን በጤና ጣቢያ በመሣሪያ ያሳዩት፤ ሰም ብቻውን እንኳ ሰው ያሳብዳል። ፊቱን የሚመታ ሰው ዓይኑም ይጎዳል፣ የውስጠኛው የዓይን ግድግዳ ሊላቀቅ ይችላል። በአንድ በኩል ያለን ዕቃ መሳት ከጀመረ ወይም ደረጃ ላይ ከተደናቀፈ ለዓይን ሐኪም ይታይ። ከግድግዳ መጋጨቱ ከምግብ በኋላ የሚብስ ከሆነ ጨጓራን መጠርጠር ነው፤ ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ በጣቶቹ መሐል እከክ ፈልጉ። ፌኖባርቢታል ለዓመታት የወሰደ ሰው አጥንቱ ስለሚሳሳ በትንሽ ውድቀት ሊሰበር ይችላል፤ እጁ ወይም እግሩ ሲነካ የሚሸሽ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ።

የሆድ ድርቀት ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሽንት ቤት ብቻውን ስለሚገባ ማንም አይቆጥርለትም። ለሁለት ሳምንት ቁጠሩ። በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች ከሆነ ወይም የሚወጣው እንደ በግ በጠጥ ጠጠር ከሆነ ድርቀት ነው። ቤተሰብን የሚያሳስተው ሱሪው በቀጭን ፈሳሽ ሲበላሽ ነው፤ «ተቅማጥ ያዘው» ተብሎ ማስቆሚያ ይሰጠዋል። ፈሳሹ ግን በደረቀው ሰገራ ጎንና ጎን ሾልኮ የሚወጣ ነው፣ ማስቆሚያው ደግሞ ድርቀቱን ያብሰዋል። ሃሎፔሪዶልም አርቴንም ያደርቃሉ። በሐዋሳ ሙቀት ውኃ በራሱ የማይጠይቅ ልጅ ሲጨመርበት አስቡት። በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ በእጁ ስጡት፤ ፓፓያና አቮካዶ ለእናንተ ከተማ ብርቅ አይደሉም፣ በየቀኑ ይብላ። በሳምንት ካልተስተካከለ ላክቱሎስ ወይም ቢሳኮዲል የተባለ ማለስለሻ ይታዘዝለት። ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው ግን ማለስለሻ አትስጡት፤ ሆስፒታል ነው።

ምርመራው ምንም ካላሳየና ሕመም መኖሩን ከጠረጠራችሁ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ ፓራሲታሞልን መሞከር ይቻላል። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ ከሆነ 500 ሚ.ግ ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ አንድ ፍሬ፣ ለሦስት ቀን ብቻ። የጉበት ችግር ያለበት ሰው ይህን አይሞክርም። በሦስቱ ቀን መምታቱ በግልጽ ከቀነሰና መድኃኒቱ ሲቆም ከተመለሰ የሚያመው ነገር አለ ማለት ነው፤ ፍለጋው ይቀጥል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፌኖባርቢታል ነው። ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያው አለ፣ ብዙ ሰው ከመውደቅ አድኗል፤ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ነገር ግን በልጆችና የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ ንጭንጭ፣ ቁጣና ዕረፍት ማጣት ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች ያዘጋጀው የኤም ኤች ጋፕ መመሪያም እንደ ወንድማችሁ ላሉት ከፌኖባርቢታልና ከፌኒቶይን ይልቅ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ይመረጡ ይላል። መጠኑ በቅርቡ ተጨምሮ ነበር? ከሦስት ወር በፊት ከሆነ የተጨመረው ቀኑን አስታውሱና ለሐኪሙ ንገሩ።

ይህን ስላነበባችሁ ዛሬ ማታ እንዳትተዉት። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያባራ መንፈራገጥ ያስከትላል፣ ይገድላልም። መቀየር ካለበት አዲሱ መድኃኒት በትንሹ ይጀመራል፤ ካርባማዜፒን ከሆነ ለምሳሌ በ100 ወይም በ200 ሚ.ግ። እሱ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከፍ እያለ በቂ መጠን ላይ ሲደርስ ነው ፌኖባርቢታሉ በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ ከ15 እስከ 30 ሚ.ግ እየተቀነሰ የሚወጣው። ወራት ይፈጃል፣ የሚያስቸኩል ነገርም የለም። አዲሱን በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳው ላይ ሽፍታ ካያችሁ፣ ይልቁንም አፉ ከቆሰለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ካርባማዜፒን ለሁሉም ዓይነት መጣል አይሆንም፤ ዓይንን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያፈዝዘውንና እጅን ብልጭ አድርጎ የሚያስደነግጠውን ዓይነት ሊያብስ ይችላል። ሲጥለው በስልክ ቀርጻችሁ መውሰዳችሁ ከብዙ ገለጻ ይሻላል።

ከዚሁ ሳንወጣ፣ እናታችሁን የነከሰው መቼ ነበር? ከጣለው በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ልታነሳው ወይም ልትይዘው ስትል ከሆነ ሆን ብሎ አይደለም። ያኔ ገና አልነቃም፤ የያዘውን ሁሉ ጠላት ያደርጋል። በጎኑ አስተኝታችሁ፣ አካባቢውን አጽድታችሁ፣ ፈንጠር ብላችሁ ጠብቁት። ክብሪት ማሽተትም አፉ ውስጥ ማንኪያ መሰንቀርም አያስፈልግም።

ሕመሙና መድኃኒቱ እየተጣራ ሳለ አንድ ደብተር ግዙና ለሁለት ሳምንት ጻፉ። ለእያንዳንዱ ክስተት ሦስት ነገር ይበቃል፦ ቀድሞ ምን ሆነ፣ እሱ ምን አደረገ፣ ተከትሎ ምን ሆነ። «ተበሳጨ»፣ «አመሉ ተነሳ» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ከ10። እናቴ ልብስ ቀይር አለችው። ጉንጩን 6 ጊዜ መታ። ልብሱን ተወችለት፤ ጸጥ አለ።» እንዲህ ያለ መስመር አምስት ስድስት ጊዜ ከተደገመ መምታቱ «አልፈልግም» ማለቱ እንደሆነ ይገባችኋል። ሌላ ጊዜ «ስጡኝ» ሊሆን ይችላል፣ ወይም «ወደ እኔ ተመልከቱ»፤ አንዳንዴም ማንም በሌለበት ብቻውን ሲሆን የሚያደርገው፣ ለራሱ ለስሜቱ ብሎ ወይም ከሕመም የተነሳ ይሆናል። ቡና ተፈልቶ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ ብቻ የሚከሰት ከሆነ ጫጫታውን ነው የሚሸሸው፤ አንድ ሰው ቀድሞ ወደ ጓሮ ይዞት ይውጣ።

ካወቃችሁ በኋላ ሥራው በመምታት ይለው የነበረውን በሌላ መንገድ እንዲል ማስተማር ነው። ሁለት ምልክት ብቻ ምረጡ፤ መዳፍ ማሳየት «በቃኝ»፣ ደረትን መንካት «ስጡኝ» ይሁን። ወይም ውኃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤትና አልጋውን ፎቶ አንስታችሁ ፎቶ ቤት አሳትሙና በር ላይ ለጥፉ። መጀመሪያ እጁን ይዛችሁ ምልክቱን አሠሩት፣ ወዲያው የፈለገውን ስጡት። በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ፣ እሱ ሰላም በሆነበት ሰዓት። ከተናደደ በኋላ ለማስተማር መሞከር ድካም ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። እናት ምልክቱን ትጠብቃለች፣ አያት ደግሞ «አንጀቴ አልቻለም» ብላ ሲመታ ብስኩት ትሰጣለች። እሱም አያት ባለችበት መምታቱን ይይዛል። ቤቱ ሁሉ ካልተስማማ ባትጀምሩት ይሻላል። ከጀመራችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት መምታቱ ከመቀነስ ይልቅ ሊጨምር ይችላል፤ የለመደው መንገድ ለምን እንደተዘጋ በኃይል እየጠየቀ ነው። በዚህ ሳምንት ከተሸነፋችሁ ያስተማራችሁት «ጠንከር አድርገህ ምታ» የሚለውን ነው። ጭንቅላቱን የሚያጋጭን ሰው ግን ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ሳትናገሩት፣ ዓይን ዓይኑን ሳታዩ፣ በግድግዳውና በጭንቅላቱ መሐል ትራስ አስገቡ። የሚጋጭበት ቦታ አንድ ከሆነ የፍራሽ ስፖንጅ ቁራጭ ለጥፉበት።

ደብተሩን ስትጀምሩ ከሦስት ወር ወዲህ በቤታችሁ የተለወጠውን ሁሉ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ። የሞተ፣ ያገባ፣ ወደ ሌላ አገር የሄደ ሰው አለ? ቤት ቀይራችኋል? ለቅሶ ቤት አልወሰዱትም ማለት ሐዘን አልገባውም ማለት አይደለም። ለመጠየቅ የሚከብድ ነገርም አለ፤ ከማን ጋር ብቻውን ይቀራል? ከአንድ ሰው የሚሸሽ ከሆነ፣ ልብሱን ማውለቅ ከፈራ፣ ሰውነቱ ላይ ያልታወቀ ቁስል ወይም ውስጥ ልብሱ ላይ ደም ካለ፣ ጥቃት ደርሶበት ሊሆን ይችላል። መናገር የማይችል ሰው ለአጥቂ ይመቻል፣ ወንድ መሆኑም አያድነውም። ሳታጥቡት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት።

ስለ ማሰር፦ ጎረቤት ክፉ ሆኖ አይደለም የሚመክራችሁ፣ ሌላ መላ አጥቶ ነው። የታሰረ ሰው ሲጥለው ሰንሰለቱ ላይ ይሰበራል፣ እሳት ቢነሳ መውጫ የለውም፤ ደግሞም ለመፈታት ያለው መሣሪያ አንድ ነው፣ ራሱን መምታት። እንዳይጠፋ ከሆነ የምትፈሩት የግቢውን በር ከፍ ባለ ቦታ ሸንጉሩት፤ ስምና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ሸሚዙ ላይ በክር ጥለፉለት፤ በሠፈሩ ያሉትን የባጃጅ ሾፌሮች አስተዋውቁት። ከሰልና ምድጃውን ከመሬት አንሱት፣ የሚጥለው ሰው የሚቃጠለው መሬት ላይ ባለ እሳት ነው። ገላውን በባልዲና በጣሳ፣ በሩ ሳይቆለፍ ይታጠብ። ሐይቁ ዳር ብቻውን አይሂድ፤ ወገብ የማይደርስ ውኃም ቢሆን በመንፈራገጥ ጊዜ ያሰጥማል።

ጸበል መውሰዳችሁን አልቃወምም። አደጋው ጸበሉ ላይ ሳይሆን «እምነት ጎደለ ይሆናል» ተብሎ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ነው የሚመጣው፤ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን መንፈራገጡ ይነሳና «ክፉ መንፈስ ተቆጣ» ይባላል። ማታ ማታ ክኒኑን በዚያው በጸበሉ ቢውጠውስ? ብዙ አባቶች ሲጠየቁ ይፈቅዳሉ፤ ሳትጠይቁ አትገምቱ። ሁለተኛው አደጋ የሚጠጣው የጸበል መጠን ነው። በባዶ ሆድ ሊትር በሊትር ላይ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያወርደዋል፣ ይህም ብቻውን መንፈራገጥ ያመጣል። አንድ ሁለት ብርጭቆ ይበቃዋል። ሲጠመቅም ቀዝቃዛ ውኃ ፊቱ ላይ ለረጅም ጊዜ አይፍሰስበት፣ አይታሰርም። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ገብርኤል በሚነግሥበት ጊዜ ባለው ሕዝብ መሐል ደግሞ ባትወስዱት እመርጣለሁ፤ ጫጫታ የሚሸሽ ልጅ ከሆነ ለእሱ ሲኦል ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መድኃኒት ቢያስፈልግስ? አንዳንዴ ያስፈልጋል። ግን ከመድኃኒቱ ምን ያህል ውጤት መጠበቅ እንዳለባችሁ እወቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ላንሴት መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውና ጠበኛ ባሕርይ የሚያሳዩ 86 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ሪስፔሪዶን፣ ሃሎፔሪዶልና ምንም የሌለበት ባዶ ክኒን ተሰጣቸው። በአራተኛው ሳምንት ጠበኝነቱ በሦስቱም ቀነሰ፤ በሪስፔሪዶን 58፣ በሃሎፔሪዶል 65፣ በባዶው ክኒን 79 በመቶ። እኔ ከዚህ የምወስደው ክትትሉ ራሱ፣ በየጊዜው መታየቱና መጠየቁ፣ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። ስለዚህ አንድ መድኃኒት ብቻ፣ በትንሹ (ሪስፔሪዶን ከሆነ 0.5 ሚ.ግ ማታ)፣ በደብተር ለሚቆጠር አንድ ባሕርይ፣ የሚገመገምበት ቀን ተጽፎ ይሰጥ። በስድስት ሳምንት ቁጥሩ ካልወረደ ይቁም። ከወረደም በየሦስት ወሩ «መቀነስ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። በየወሩ ክብደቱን መዝኑ። ዳያዜፓምን ለማረጋጊያ በየቀኑ መስጠት ግን አይበጅም፤ አንዳንዶቹን ጭራሽ ልጓም ያሳጣቸዋል፣ ሰውነት ሲለምደውም ማቋረጡ መንፈራገጥ ያመጣል።

አካሄዱን በተመለከተ፣ በቀጥታ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል አትሂዱ። ከጤና ጣቢያችሁ፣ ወይም ከዚያ ወደ አዳሬ ሆስፒታል ተልካችሁ፣ የሪፈር ወረቀት ይዛችሁ ብትመጡ የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ወጪው ይቀልላችኋል፤ ጆሮና ጥርሱም እግረ መንገዱን ይታያል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ቤት ድረስ ጥሯት፤ ሐኪሙ የማያየውን ምድጃና ግቢ የምታይ እሷ ናት። ሐኪሙ ጋ ያላችሁ ጊዜ ምናልባት አሥር ደቂቃ ነው። ደብተሩን፣ የመድኃኒቶቹን ባዶ ማሸጊያ፣ የመንፈራገጡንና የመምታቱን ቪዲዮ፣ የሰገራውን ቆጠራ ይዛችሁ ግቡ። ወረፋው ላይ ልጁ እንዳይረበሽ አንዳችሁ ወረቀቱን ያዙ፣ ሌላችሁ ውጭ ዛፍ ሥር ከእሱ ጋር ጠብቁ፤ ተራው ሲደርስ ይጠራ።

የእናታችሁ እጅ እስካሁን ካልታየ ዛሬ ይታይ። የሰው ንክሻ፣ ይልቁንም ጣት መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ከላይ ትንሽ መስሎ ውስጥ ውስጡን ያመግላል። በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ደኅና አድርጋ ትጠበው፤ የቴታነስ ክትባቷን ያጣሩላት፤ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ጣቷን ማጠፍ ካቃታት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል፣ ምናልባትም ይከፈታል። እዚያው ሳላችሁ እንቅልፏንና የምግብ ፍላጎቷንም ጠይቋት።